እሑድ እሑድ የሚያርፍ ቁጥር

ሰው ጅብ ይፈራል፤ ሰው አለቃውን ይፈራል፤ ያገባ ሰው ሚስቱን ይፈራል። እኔ ደግሞ ገና ሳላገባ፣ ያውም በሱ ሰበብ ሳላገባ ልቀር ትንሽ እስኪቀረኝ ድረስ፣ የፈራሁት ቁጥር ነው። ሥራዬን ስነግራችሁ ይብስባችኋል፤ መሐል ሜዳ ከተማ የሒሳብ መምህር ነኝ። ደም ሲያይ የሚወድቅ ሐኪም የምታውቁ ካላችሁ አስተዋውቁኝ፤ የምንጨዋወተው አናጣም።

ቁጥሩን አሁኑኑ ልናገረውና ይውጣልኝ። መቶ አርባ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ሰባት። በአኃዝ ሲጻፍ 142857። ሲያዩት የዋህ ነው። የመብራት ቆጣሪ ንባብ ይመስላል እንጂ ሰው እንቅልፍ የሚነሳ አይመስልም። እኔም ለዓመታት እንደ የዋህ ነው የያዝኩት፤ ተማሪዎቼ ማዛጋት ሲጀምሩ ሰሌዳው ላይ አወጣውና አጫውታቸዋለሁ። በሁለት አባዙት እላለሁ፤ 285714 ይመጣል። በሦስት፣ 428571። በአራት፣ 571428። በአምስት፣ 714285። በስድስት፣ 857142። እነዚያው ስድስት አኃዞች ናቸው፤ አሰላለፋቸውም አልተለወጠም። ከአንድ ቀጥሎ አራት፣ ከአራት ሁለት፣ ከሁለት ስምንት፣ ከስምንት አምስት፣ ከአምስት ሰባት፣ ከሰባት ተመልሶ አንድ። ክብ ሠርተው ይዞራሉ፤ የሚለወጠው ፊት የሚቆመው ማን እንደሆነ ብቻ ነው። ልጆቹ ያጨበጭባሉ፣ ደወል ይደወላል፣ እኔም አዋቂ መስዬ እወጣለሁ።

ባለፈው ኅዳር ግን ደወሉ ዘገየ። ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ በሰባትስ?» አለች። አባዛሁት። 999999። ሲዞር የኖረው ነገር ድንገት ቆመ፤ ስድስቱም አንድ ዓይነት ፊት ይዘው ከሰሌዳው ላይ አፈጠጡብን። ልጅቷ ከመቀመጧ በፊት ቀስ ብላ፣ «ሚሊዮን ሊሞላ አንድ ጎደለ» አለች። ሌላ ቀን ቢሆን ጎበዝ ብዬ አልፋት ነበር። ያን ቀን ግን፣ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ጠመኔውን አስቀምጬ ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ተማሪዎች መቁጠር ጀመርኩ። ማንም አልጎደለም። ቢሆንም ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው።

የጋብቻዬ ነገር የተቆረጠው በዚያው ሰሞን ነው። የተጠየቀችልኝ አስካለ ትባላለች፤ የትምህርት ቤታችን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። መጽሐፍ ያዘገየ ተማሪ ሁሉ ይፈራታል፣ እኔ ግን እወዳት ነበር፤ አሁንም እወዳታለሁ፤ ይህን የምጽፈውን ታነበዋለችና ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። አባቷ የኔታ ክንፈ ጓሳ በሚባለው የደጋ ሜዳ አፋፍ ላይ ባለች ደብር የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ሽማግሌዎቼን የመሩልኝ ጋሽ ጌጡ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከዘራ ከእጃቸው ነገር ከአፋቸው የማይለይ። አንድ ሰኞ ማለዳ በሬን በከዘራቸው ቆረቆሩና ምሥራቹን ነገሩኝ። ልጅቱን ሰጥተውሃል፤ ሠርጉ በጥር፣ ከዛሬ ሠላሳ አራተኛው ቀን ላይ የሚውለው እሑድ ነው አሉኝ።

ከልብስ ሰፊው ጋር ልቀጣጠር ስለፈለግሁ ስንት ሳምንት እንደቀረኝ ለማወቅ ስልኬን አውጥቼ ሠላሳ አራትን ለሰባት አካፈልኩ። አራት ነጥብ 857142 አለኝ፤ ቀጥሎም ያንኑ ደገመው።

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ለሰባት እኩል ካልተካፈለ ከነጥቡ በኋላ የሚከተለው ያ ጅራት ነው። ምክንያቱንም ላስረዳችሁ እችላለሁ፤ ደመወዝ የምበላው በዚሁ ነው። ለሰባት ስታካፍሉ ሊተርፋችሁ የሚችለው ከአንድ እስከ ስድስት ነው። የተረፈው ላይ ዜሮ ጨምራችሁ ስታካፍሉ ሌላ ይተርፋል፤ እሱም ላይ ስትጨምሩ ሌላ፤ ስድስቱ ሲያልቁ የመጀመሪያው ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ መውጫ የለም። ይህን ለተማሪ ማስረዳት ቀላል ነው። የሠርጋችሁ ቀን ላይ ተቀምጦ ስታዩት ግን ሌላ ነው።

ማክሰኞ ሠላሳ ሦስት ቀን ቀረኝ፤ አራት ነጥብ 714285። ረቡዕ፣ አራት ነጥብ 571428። ሐሙስ 428571፣ ዓርብ 285714፣ ቅዳሜ 142857። በየማለዳው ጥርሴን ሳልፍቅ አካፍላለሁ፤ በየማለዳው አንድ እርምጃ ዞሮ ሌላ ፊቱን ይዞ ይጠብቀኛል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሃያ ስምንትን ሳካፍል ስልኩ አራት ብሎ ዝም አለ። ባዶ አራት። ስድስት ቀን ሠርቶ በሰባተኛው አረፈ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ላብ አጠመቀኝ፤ ሌባ በር ላይ ቆሞ ሲታይ ይሻላል፣ የት እንደገባ ሳይታወቅ ሲቀር ነው የሚከፋው። ሰኞ ጠዋት ተመልሶ መጣ። ሦስት ነጥብ 857142።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ማስተዋሌ የከዳኝ። የተማሪዋ ነገር ትዝ አለኝ፤ አንድ ጎደለ። ሠርግ ላይ አንድ ሰው ሲጎድል ማን ይሆናል? ከአጃቢ አንዱ ቢቀር ማን ልብ ይለዋል። ጎደለ ከተባለ ወይ ሙሽራ ነው ወይ ሙሽሪት። ወይ እሷ ትቀርብኛለች፣ ወይ እኔ እስከዚያ እሞታለሁ። ይህን ሐሳብ አንድ ጊዜ ካሰብኩት በኋላ መመለስ አቃተኝ። ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩት መጽሐፍ ጠዋት ገጽ 142 ላይ ተገልጦ አገኘሁት። ገጽ 857 እንዳለው ልፈልግ ሄድኩ፤ መጽሐፉ ሁለት መቶ ገጽ ብቻ ነው። ያን ዕለት በሰላም ዋልኩ።

ከዚያ ጋሽ ጌጡን ላክኋቸው። ልብስ ሰፊው ታሞብኛል፣ ቀኑ ይዛወርልኝ አልኩ። የኔታ ክንፈ ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው፣ በአንድ ሳምንት ገፉልኝ። ወዲያው ሳካፍል አራት ነጥብ 857142። ጅራቱ ንቅንቅ አላለም። እሑድን በእሑድ ስትለውጡ ከፊት ያለው ብቻ ነው የሚለወጠው፤ ይህንን አንድ የሒሳብ መምህር ሽማግሌ ሳያስኬድ ማወቅ ነበረበት። ደግሜ ላክሁ፤ እናቴ ከመርሐቤቴ የምትመጣበት መኪና እሑድ አይገኝም አልኩና ሐሙስ ተባለልኝ። ቁጥሩም እሑድ ማረፉን ትቶ ሐሙስ ሐሙስ ማረፍ ጀመረ። የዕረፍት ቀን መዳቢው እኔ ሆንኩ ማለት ነው። አንዴ ብርድ አልኩ፣ አንዴ ዳስ አልኩ፣ አንዴ ጉልበቴን አልኩ። ዛሬ ለሰባት የሚካፈል ንጹሕ ቀን አስቆርጬ ነገ ሳነሳው ቆሽሾ አገኘዋለሁ፤ ቀን እኮ በያንዳንዱ ንጋት አንድ ይቀነሳል፣ ዝም ብሎ አይጠብቅም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ስድስት ቀን ተቆረጠልኝ፣ ስድስቱንም መለስኩ።

ጋሽ ጌጡ ከስድስተኛው መልስ በሬ ላይ ቆመው ጫማቸውን አሳዩኝ። «ልጄ፣ አንድ ጊዜ የተላከ ሽማግሌ ነው። ስድስት ጊዜ የተላከ ፖስታ ነው» አሉኝ።

በማግሥቱ አስካለ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አስጠራችኝ። ማኅተም እየመታች ነበር። እንድቀመጥ አላለችኝም። ሰው ሁሉ ሌላ ሴት አለችው እያለ እንደሚያወራ፣ እሷ ግን ሌላ ሴት ብትኖር የተሻለ ምክንያት እንደምፈጥር ታውቃለችና እንዳላመነች ነገረችኝ። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ቁጥር ነው የሚያሳድደኝ ተብሎ እንዴት ይነገራል? መልሼ ዘጋሁት። እሷም ማኅተሙን አስቀመጠች።

«ስድስቱን እኛ አልን» አለችኝ። «ሰባተኛውን ከእኛ አትሰማም። ቅዳሜ አባቴ ቤት ነኝ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አለሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ቅዳሜን ይሰማ ነበር። እኔ የሰማሁት ሰባተኛውን ነው። በሰባት ሲባዛ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ፤ ሁሉም ዘጠኝ ሆኖ ያልቃል። ያውም በዘጠኝ ሰዓት። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄው ነው ብዬ ቤቴ ገብቼ ፍራሼ ላይ ተዘረርኩ። ቅዳሜ ሲነጋ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረኝ፤ ቁጥሩን ፈርቼ ብቀር አስካለን በገዛ እጄ አጣሁ። የሚጎድለው እኔው ልሆን ነው። ተነሣሁ።

ጋሽ ጌጡ አብረውኝ አልሄዱም። «የኔ እግር ስድስቱን ሄዷል፤ ሰባተኛውን አንተ ሂድ» አሉና ከዘራቸውን ሰጡኝ። በሳቸው ፈንታ ከዘራው ይሂድልኝ ማለታቸው ነው። እንዳትጥልብኝ ብለው ሦስቴ አስጠነቀቁኝ፤ እኔን ግን እንዳትጠፋ ያለኝ የለም።

ሚኒባሱ ጓሳ ሜዳ መሐል አራግፎኝ ሄደ። ከመንገዱ እስከ የኔታ ደብር በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ነው ተብያለሁ፤ መንገዱን ይዘህ ፊት ለፊት ነው፣ ጅል አይስተውም ተብያለሁ። አራት ሰዓት ተኩል ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። እኔ ያደግሁት መርሐቤቴ ቆላ ነው፤ በኛ አገር አየር ሲለወጥ ያስጠነቅቃል፣ ደመናው ይሰበሰባል፣ ነፋስ ይነሣል፣ ሰው ልብሱን ያስገባል። ጓሳ እንዲህ ያለ ይሉኝታ የለውም። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄድኩ ጉሙ ከገደሉ አፋፍ ወጣና ሣሩ ላይ ተኝቶ ወደኔ መጣ። እግሬ ጠፋኝ፣ ከዚያ እጄ ጠፋኝ። ከዘራውን ብቻ ነው የማየው፣ እሱንም እስከ ግማሹ።

መቆም ነበረብኝ። አልቆምኩም። ቢዘገይብኝ ዘጠኝ ሰዓት ያልፋል ብዬ መሄዴን ቀጠልኩ። እንዳልፈራ ደግሞ ያገኘሁትን ሁሉ መቁጠር ጀመርኩ፤ የመምህር ጸሎቱ ይኸው ነው። አንድ ብቻውን የቆመ ጅብራ፣ ረጅም፣ ሰው የሚያህል። ቀጥሎ አራት ድንጋይ፣ ተደራርቦ የተቀመጠ። ሁለት የወደቁ የበግ ቀንዶች። ስምንት የአይጥ ጉድጓድ። አምስት የአስታ ቁጥቋጦ። ሰባት የደረቁ ጅብራዎች፣ በሰልፍ። ከዚያ አንድ ብቻውን የቆመ ጅብራ፣ ረጅም፣ ሰው የሚያህል።

ቆምኩ። ሌላ ጅብራ ነው አልኩ፤ ጓሳ ላይ ይህ ተክል ሞልቷል። ጥቂት ሄድኩ። አራት ድንጋይ፣ ተደራርቦ የተቀመጠ። ሁለት ቀንድ።

የስምንቱን ነገር አልምልላችሁም፤ የአይጥ ጉድጓድ ሲቆጠር ሰው ትንሽ ሊያግዘው ይችላል። የቀሩትን ግን እምላለሁ። በሦስተኛው ዙር ደክሞኝ ቀንዶቹ ዘንድ ተቀመጥኩ፤ ስነሣ ከሁለት ጀመርኩና ሁለት፣ ስምንት፣ አምስት፣ ሰባት፣ አንድ፣ አራት ብዬ ቀንዶቹ ላይ ተመለስኩ። በሚቀጥለው አምስቱ ቁጥቋጦ ዘንድ አረፍኩ፤ ስነሣ አምስት፣ ሰባት፣ አንድ፣ አራት፣ ሁለት፣ ስምንት። ከየትም ልጀምር ተራው ያው ነው። ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የነበረውን አሁን በእግሬ እጽፈው ነበር። ብቻውን የቆመው ጅብራ ላይ የጋሽ ጌጡን ከዘራ አስደገፍኩ፤ ስመለስ ከዘራው ከሌለ ቦታው ሌላ ነው፣ ድኛለሁ አልኩ። ዞሬ ስመጣ ከዘራው አለ። ተወው፣ እዚሁ ይጠብቅ ብዬ ያለ ከዘራ ሄድኩ። ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ አትጠይቁኝ፤ ጋሽ ጌጡም ጠይቀው መልስ አላገኙም።

ስልኬ መስመር የለውም። ሰዓቱ ግን ይታያል፤ ስምንት ሰዓት ከሩብ ይላል። አስካለ የአባቷ ቤት ደጃፍ ላይ ስትቆም ታየችኝ፤ ሰዓቷን ስታይ፣ ከዚያ ማየቱን ስትተው። እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ብርድ ነው የሚል አለ፤ ብርድ አይደለም።

ያኔ ነው ደወል የሰማሁት። የድንጋይ ደወል ነው፣ ድምፁ ደረቅ። ከየት አቅጣጫ እንደሆነ ጉሙ አያስለይም። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት። ስድስት። ሰባተኛውን ጠበቅሁ። አልመጣም። ረጅም ዝምታ ሆነ፤ አንድ ሰው ሙሉ አቡነ ዘበሰማያት የሚደርስበት ያህል። ከዚያ እንደገና ስድስት፣ እንደገና ዝምታ። ሦስተኛ ጊዜ ስድስት። እኔን ነው የሚቆጥሩኝ አልኩ፤ ሞቻለሁ፣ ሰባተኛው ሲመታ ያልቅልኛል፣ እስከዚያ ያቆዩኛል። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ሣሩ ውስጥ ተኛሁ። አራተኛ ጊዜ ስድስት መታ። አምስተኛ። በየመሐሉ ያ ዝምታ እኔን የሚጠብቅ ይመስላል፤ እኔም እሱን እጠብቃለሁ።

ይሄኔ ያዳነኝ ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ልማድ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ አንድ ተማሪ ቆጥሮ ቆጥሮ ስድስት ላይ ሲቆምብኝ አልችልም፣ ሰባትን እኔው እልለታለሁ። ስድስተኛው ጊዜ ስድስት መትቶ ዝም ሲል ፍርሃቴ ሁሉ በንዴት ተሸነፈና ብድግ ብዬ ባለ በሌለ ድምፄ፣

«ሰባት!» ብዬ ጮህኩ።

ደወሉ ያለማቋረጥ ይደወል ጀመር። ጥቂት ቆይቶ የፈረስ ኮቴ ሰማሁ። ባና የደረቡ ሽማግሌ ከጉሙ ወጥተው አጠገቤ ፈረሳቸውን አቆሙ፤ የኔታ ክንፈ ነበሩ። ደወሉን ለደብሩ ቄስ ትተው መምጣታቸው ነው። እግዚአብሔር ይመስገን ካሉ በኋላ ወደ ኋላዬ ተመለከቱ።

«ሌላውስ?» አሉኝ።

«የትኛው ሌላ፣ የኔታ?»

«ከወዲያ በኩል ሰባት ያለው።»

ብቻዬን ነኝ አልኳቸው። ገደሉ ነው ያስተጋባው አልኩ። የኔታ ጉሙን ጥቂት አዩና ፈረሱ ላይ አፈናጠጡኝ። ደብሩ ከነበርኩበት የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው።

መንገድ ላይ ነው የአገሩን ልማድ የነገሩኝ። ጉም ሲወርድ፣ ይልቁንም መንገደኛ ሲጠበቅ፣ ደወሉን ስድስት ይመታሉ። ሰባተኛውን አይመቱትም፤ የጠፋው ሰው ድርሻ ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ አለሁ ብሎ መጮህ የሱ ፈንታ ነው። ደወል ብቻውን ሰው አያገኝም፣ የጠፋው ካልመለሰ ወዴት ተሂዶ ይፈለጋል አሉኝ። ይህን ልማድ ከጓሳ ዳር የሚያድግ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ የቆላው ሰው ግን እነሱ ስድስት ጊዜ ሲጠሩኝ ሣር ውስጥ ተኝቼ ትንፋሼን ዋጥኩ።

ስንደርስ ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ነበር። አስካለ ከቅጥሩ ግንብ ውጭ ቆማለች፤ ነጠላዋ ከጉሙ የተነሣ ርሷል። ፊቷን ሳየው ስትጠብቀኝ እንደነበረ ሳይሆን ስትፈራልኝ እንደነበረ ገባኝ። ያኔ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰሌዳውን፣ ስልኩን፣ ልብስ ሰፊው አንድም ቀን ታሞ እንደማያውቅ። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

«ሰባተኛው ያንተ ነበር እኮ» አለችኝ። «ስድስቱን እኛ ጠራን። እንድትመልስ ነው ዝም ያልኩት።»

ቤት ገብተን እሳት ዳር ተቀመጥን። የኔታ ቁጥሩን አሳየኝ አሉ፤ አመዱን ደልድለው ጭራሮ ሰጡኝ። እኔ በስልክ አኃዝ ስጽፈው እሳቸው ሥሩ በግዕዝ ጻፉት፤ ፲፬፼፳፰፻፶፯። በስድስት የተባዛውን ደግሞ፤ ፹፭፼፸፩፻፵፪። የግዕዝ አኃዝ ሁለት ሁለቱን አጣምሮ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ እኔ ስድስት ብቸኞች ሲዞሩ የማየውን እሳቸው ሦስት ሦስት ልጆች ያሏቸው ሁለት ቤቶች አዩ። ጣታቸውን ከላይ ወደ ታች አወረዱ። ዐሥራ አራትና ሰማንያ አምስት፣ ዘጠና ዘጠኝ። ሃያ ስምንትና ሰባ አንድ፣ ዘጠና ዘጠኝ። ሃምሳ ሰባትና አርባ ሁለት፣ ዘጠና ዘጠኝ። እንግዲህ ሁለት ቤት ሲጋባ እንዲህ ነው፣ መቶ አይሞላም፣ አንድ ይጎድለዋል፣ በጎደለው ይኖራል አሉኝ። «እኔና የአስካለ እናትም አርባ ዓመት ዘጠና ዘጠኝ ሆነን ነው የኖርነው» ብለው ሳቁ።

ቀጥለው ግን ሳቁን ትተው አዩኝ። «እኛም በባሕረ ሐሳቡ በሰባት እንገድፋለን፤ ሰባት ሰባቱን እንጥላለን። የተረፈውን እንይዛለን፣ ዕለቱን እናውቅበታለን፣ አበቃ። አንተ የተረፈህን ደግመህ ትከፍላለህ። ታዲያ መቼ ይለቅሃል?»

ሠርጉን መቼ እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ከጥምቀት ቀጥሎ ያለው እሑድ አልኩ። ስንት ቀን እንደቀረው አልቆጠርኩም። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እጄ ሁለት ጊዜ ወደዚያ ሄዶ አስካለ ሁለት ጊዜ መለሰችው። በዚያ እሑድ ተጋባን። ታዳሚውን አልቆጠርኩም፣ የጎደለ ካለ ይቅር ይበለኝ።

ወጉ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። አንድ ነገር ቀረ፤ የጋሽ ጌጡ ከዘራ። ሁለት ጊዜ ጓሳ ወጥቼ ፈለግሁት፣ ጥርት ባለ ፀሐይ። ረጅሙን ጅብራ አጣሁት፤ አራቱን ድንጋይም፣ ሰባቱንም አጣሁ። ሣሩ ብቻ ነው ያለው። ጋሽ ጌጡ አሁን የሚሄዱት በባሕር ዛፍ በትር ነው፤ ባገኙኝ ቁጥር በትሩን መሬት ላይ ሰባት ጊዜ ይመቱብኛል።

ባለፈው ሐምሌ አማቶቼን ልንጠይቅ ወጥተን ሳለ ከቀትር በኋላ ጉም ወረደ። የኔታ ጉልበታቸውን ስላመማቸው ደወሉን አንተ ምታ አሉኝ። የሚጠበቅ መንገደኛ አልነበረም፤ ቢሆንም ጉም ከወረደ ሳይመታ አይታለፍም። ስድስት መታሁ። ዝም አልኩ።

ከጉሙ ውስጥ አንድ ሰው «ሰባት» አለ።

የዚህ አገር ሰው ሲጠፋ የሚለው አለሁ ነው። ሰባት ያለ ከኔ በቀር ማንም የለም። ድምፁ ሩቅ አልነበረም፤ የመርሐቤቴ ሰው ድምፅ ነው፣ ያለቀሰ ሰው ድምፅ። መዶሻ ድንጋዩን ጥዬ ሮጥኩ። የኔታ እያነከሱ ተከተሉኝ። ከቅጥሩ ግንብ ሃምሳ እርምጃ ራቅ ብሎ ሣሩ ላይ የጋሽ ጌጡ ከዘራ ቀጥ ብሎ ተተክሏል። ሰው የለም። እንጨቱ እስከ አንገቱ ድረስ በጤዛ ርሷል። እጀታውን ስይዘው ግን ደረቅ ነው፣ ሙቅ ነው።

ከዘራውን ለየኔታ ሰጠኋቸው። እጀታውን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ያን ለት ሙሉህን አላመጣሁህም ማለት ነው» አሉኝ። «የተረፈ አለ።»

ገብቼ ልፈልገው ወይ አልኳቸው። እጄን ያዙኝ።

«ተው» አሉ። «የተረፈውን አትክፈለው።»

ከዘራውን ለጋሽ ጌጡ መለስኩላቸው፤ የት እንዳገኘሁት አልነገርኳቸውም። እኔ ግን ጓሳ በወጣሁ ቁጥር፣ ጉም ከወረደ፣ ሰው ሳይልከኝ ወደ ደወሉ እሄዳለሁ። ስድስት እመታና ሰባተኛውን እተውለታለሁ።